ብሪጁ ከላይ ሸጋ፣ ከሥሩ ጣጣ

የታችኛው ግራ መንጋጋዬ ላይ፣ በጎደለው ጥርስ ቦታ፣ ብሪጅ የሚሉትን የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባሁ ዓመት ሊሞላ ነው። የሚጠይቀኝ ሁሉ «እንዴት ነው፣ ያኝካል ወይ?» ይለኛል። ያኝካል። ቆሎ ይፈጫል፣ ጥብስ ያደቅቃል፣ ቀለሙም ከጎረቤቶቹ አይለይም። ስለ ማኘኩ ይኼው ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም።

እኔን ያንገበገበኝ ከሥሩ ያለው ነገር ነው። መሃል ላይ የሚገባው የተሠራው ጥርስ ሥር የለውም። ድዱ ላይ ጠጋ ብሎ ነው የሚቀመጠው። በእሱና በድዱ መካከል ቀጭን ክፍተት አለች። ምግብ እዚያ ይገባል። ከገባ በቡርሽ አይወጣም፣ በመጉመጥመጥ አይወጣም፣ በስቴኪኒም አይወጣም። ስለዚች ክፍተት ደግሞ ገንዘቤን ሲቀበሉ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ የታወቀው በማስቲካ ነው። ባለቤቴ ማስቲካ የምትወድ ሰው አይደለችም። ድንገት መግዛት ጀመረች። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ኮቴ ኪስ ውስጥ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ለልጆቹ የገዛችው መስሎኝ ነበር። በኋላ ጠየቅኋት። «ሰሞኑን አፍህ ትንሽ...» አለችና ዝም አለች። የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። ስንት ጊዜ ደብተራቸው ላይ ጎንበስ ብዬ አስረድቻቸዋለሁ!

በጣም ተናደድኩ። እኔ እኮ ጥርሱን የረሳ ሰው አይደለሁም። ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ። ቅዳሜ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ስወጣ ከሚሸጡት ልጆች የወይራ መፋቂያ ገዝቼ እስከ ቤቴ ድረስ እየፋቅሁ ነው የምሄደው። መፋቂያ የሚንቅ ሰው አልወድም፤ የጥርስን ፊትና ጎን አሳምሮ ያጸዳል። ብሪጅ ሥር ግን አይገባም። የቡርሽ ጸጉርም አይገባም።

ወደ ሠራልኝ ክሊኒክ ተመለስኩ። አፌን እንኳ በደንብ ሳያዩ «ድድህ ተቆጥቶ ነው፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ» ብለው ሸኙኝ። ተጉመጠመጥኩ። ለውጥ የለም። ጭራሽ ስቦርሽ ደም ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ጫፉ ደረቅ ያለ ክር አወጣች። በጉንጬ በኩል ከብሪጁ ሥር አስገባችና በምላሴ በኩል ሳበችው። ወዲያ ወዲህ አደረገችው። ከዚያ ክሩን አሳየችኝ። ምን እንደወጣ አልጽፍም፤ ምሳ እየበላ የሚያነብ ሰው ይኖራል።

«ይህን በምንድነው የሚያጸዱት?» አለችኝ።

«በቡርሽ ነዋ።»

«ቡርሽ እዚህ አይደርስም። ሲሠሩልዎት አላሳዩዎትም እንዴ?»

አላሳዩኝም።

ላላየው ሰው ላስረዳ። አንድ ጥርስ ጠፍቶ ብሪጅ ሲሠራ የሚገባው አንድ ጥርስ አይደለም። ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ይቀጥኑና ክራውን የሚባል ቆብ ይለብሳሉ። የጎደለው ጥርስ መሃል ላይ ከሁለቱ ክራውኖች ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል። 3ቱ አይነጣጠሉም። ስለዚህ ተራው የጥርስ ክር ከላይ ወደ ታች በጥርሶቹ መካከል አይወርድም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ክሩ በጎን በኩል፣ ከሥር መሾለክ አለበት። ለዚህ የሚሆን የራሱ ክር አለ። አንደኛው ጫፉ ደረቅ ነው፣ እንደ መርፌ ያሾልኩታል። መሃሉ እንደ ስፖንጅ ይነፋል፣ ጠራጊው እሱ ነው። ቀሪው ተራ ክር ነው። ማታ ማታ ከመኝታ በፊት አንዴ ማሾለክ ነው። ስትለምደው ጊዜ አይወስድም። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያበሽቀኝ። ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ ደብቀውኝ ነው እል ነበር። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው ያልነገሩኝ።

ብሪጁን ሲያስገባልኝ «እንደ ራስህ ጥርስ ተጠቀምበት» ያለኝን የዚያን ክሊኒክ ሰው አንድ ቀን ፊት ለፊት ባገኘው የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ የራሴ ጥርስ ሥር አለው። የራሴ ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር አልተበየደም። የራሴን ጥርስ ያጸዳሁበት መንገድ ለዚህኛው አይሠራም። ታዲያ በምኑ ነው እንደ ራሴ ጥርስ የሆነው?

መልሱንም አውቀዋለሁ። «ወረፋ ይበዛል፣ ለሁሉ ሰው ማስረዳት አይቻልም» ይለኛል። ጊዜማ ነበረ! ቀለም ስንመርጥ ያጠፋነውን ጊዜ ረሳኸው? 16 ቀለም የተደረደረበትን ናሙና ከኤ1 እስከ ዲ4 አንድ በአንድ ጥርሴ ላይ እያስጠጋህ፣ መስኮት ድረስ ወስደህ በፀሐይ ብርሃን እያየህ፣ «ኤ3 ነው? የለም፣ ቡና ጠጪ ስለሆነ ኤ3.5 ይሻላል» ስትል ነበር። ለመንጋጋ! ስስቅ እንኳ ለማይታይ ጥርስ! ከላይ ላለው እንዲያ የተጠበበ ሰው ከሥሩ ላለው አንዲት ቃል አጣ።

ስለ ዋጋውም ላንሳ፣ ከተነሳ አይቀር። «ሒሳቡ በጥርስ ነው» አሉኝ። ጥሩ፣ አንድ ጥርስ ነው የጎደለኝ አልኩ በሆዴ። ደረሰኙ ላይ 3 ተቆጥሯል። ሁለቱ ክራውኖችም እንደ ጥርስ ይቆጠራሉ ለካ። ይህ የአንድ ክሊኒክ ተንኮል አይደለም፤ አሠራሩ በብዙ ቦታ እንዲህ ነው፣ ጥርሱን የሚሠራው ላቦራቶሪም የሚያስከፍለው በዚሁ ነው። ግን አስቀድማችሁ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንዱን ጥርስ ዋጋ ሰምታችሁ ደስ ብሏችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። እኔ የወሰድኩት ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርስሊን የሆነውን ነው። ዚርኮኒያም አለ፣ ብረት የለበትም፣ ይወደዳል። ለኋላ ጥርስ አላስፈለገኝም።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ሥራው ራሱ ጥሩ ነው። ማደንዘዣው ያዘ፣ ሕመም አልነበረም። ልኬቱ ላቦራቶሪ ሄዶ እስኪመጣ ጊዜያዊ የፕላስቲክ ብሪጅ አድርገውልኝ ነበር። ዋናው ሲገባም ሰማያዊ ወረቀት እያስነከሱ ከፍ ያለውን ቦታ እየፋቁ አስተካከሉት። ካኘክሁበት ቀን ጀምሮ ቆረቆረኝ፣ ጎረበጠኝ ብዬ አላውቅም። እጃቸው የተባረከ ነው። አፋቸው ነው የተዘጋው።

«ለምን ብሪጅ መረጥክ ታዲያ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ዋናው ጠያቂ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ኢምፕላንት አስገብቷል። ከዚያ ወዲህ የኢምፕላንት ወኪል ሆኗል ብል አላጋነንኩም። ሲደውል ሰላምታው «አሁንም በዚያች ብሪጅህ ነህ?» ነው። ሁለት ጤነኛ ጥርስ ለአንድ ጥርስ ማስሞረድ ወንጀል ነው ይለኛል። ኢምፕላንት ጎረቤት አይነካም፤ የቲታኒየም ብሎን መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ አጥንቱ ይይዘዋል፣ ጥርሱ እሱ ላይ ይቆማል። ብቻውን ስለሚቆምም ተራው ክር በግራና በቀኙ ይወርዳል። አጥንቱም ሥራ ስላለው እንደ ባዶ ቦታ በቶሎ አይሟሽሽም።

ይህን ሁሉ አልክድም። ሳይንሱም የትናንት አይደለም። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥንቸል አጥንት እንዴት እንደሚድን ሲያጠና፣ ያስገባት የቲታኒየም መሣሪያ አልወጣ ስትለው ነው ነገሩ የተገለጠለት። አጥንቱ ይዟታል። በ1965 እ.ኤ.አ. ሰው መንጋጋ ላይ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሲያኝክበት ኖሯል።

ግን የአክስቴ ልጅ የማይነግራችሁን እኔ ልንገራችሁ። ብሎኑ ከገባ በኋላ አጥንቱ እስኪይዘው በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። በቂ አጥንት ከሌለ አስቀድሞ አጥንት መጨመር ይመጣል። ያልተስተካከለ ስኳር ያለበት ሰውና አጫሽ አደጋው ከፍ ይልበታል። ኢምፕላንትም ካልተጸዳ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ይታመማል፤ «አይበሰብስም» ማለት «አይታመምም» ማለት አይደለም። ለእኔ የተነገረኝ ዋጋ ደግሞ ከብሪጁ በብዙ ይበልጣል፤ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ «እኔ የሠራሁበት ና» ይለኛል። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለምርመራ አንድ ጊዜ፣ ለብሎኑ አንድ ጊዜ፣ ለጥርሱ እንደገና። የመምህር ደመወዝ ነው ያለኝ፣ ወንድሜ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከጎደለው ጥርስ ፊት ያለው ቀድሞውኑ በትልቅ ሙሌት የቆመ ነበር። ዞሮ ዞሮ ክራውን ሳያስፈልገው አይቀርም ነበር። ለእሱ መሞረዱ ጉዳት አይደለም። የኋላው ግን ያሳዝነኛል። ምንም ያልነካው፣ ነጭ፣ ጎበዝ ጥርስ ነበር። ከላዩም ከጎኑም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተሞረደ። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራው ላይኛ ሽፋን፣ ደግሞ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ማታ ክሩን ሳሾልክ ለእሱ ስል ነው ትንሽ ሰከንድ የምጨምረው።

ክፍቱን ልተወው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ጎረቤታችን እማማ «አንድ ጥርስ ምን ያደርግልሃል፣ በቀረው ብላ» ብለውኝ ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ግን ክፍቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የኋላው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ይጋደማል፣ ከላይ ያለው ደግሞ የሚገጥመው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። በስተኋላ ላስተካክል ብትሉ ቦታው ራሱ ተበላሽቶ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር የዘጋችው እሷ ናት።

እናቴ የሚወልቅ ጥርስ ነው የምትጠቀመው። ብዙ ዓመቷ ነው። ሮዝ ፕላስቲክ፣ ጎንና ጎኑ የብረት መንጠቆ። ማታ አውልቃ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው። እኔ ገና ስሙን ስሰማ ነው ያልፈለግኩት። ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ እያወራሁ መንጠቆ አፌ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ደግሞ ለአንድ ጥርስ ብቻ የሚሠራው ትንሽ ስለሆነ ቢወልቅ መዋጥም ወደ መተንፈሻ መግባትም ያስፈራል። ስለዚህ የእናቴን ምርጫ የአሮጊት ምርጫ አድርጌ ነበር የማየው።

ስለ ሽታው ጣጣዬን ስነግራት አዳመጠችኝ። ሳቋን ዋጠች። «የኔን እኮ አውጥቼ ነው የማጥበው ልጄ» አለች።

ምን ይመለሳል? ያን ሁሉ ብር ከፍዬ፣ ቀለም ተመርጦልኝ፣ ሁለት ጥርስ ተሞርዶልኝ፣ ከሥሩ ማጽዳት ግን ከእናቴ ርካሽ ጥርስ ያንሳል። እሷ ማታ ማታ ሁሉንም ጎኑን እያገላበጠች በቡርሽና በሳሙና ትፈትገዋለች። በፈላ ውሃ ግን አታጥበውም፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ንጹሕ ነው። ድዷም ሌሊት ያርፋል። እኔ ደግሞ ከማላየው ክፍተት ጋር በክር እታገላለሁ።

ክሩ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። ጎንደር ውስጥ በጠየቅኋቸው ፋርማሲዎች ተራው የጥርስ ክር አይጠፋም። ጫፉ ደረቅ የሆነውን ስጠይቅ ግን «አልቋል» የሚሉኝ አሉ፣ «ምንድነው እሱ?» የሚሉኝም አሉ። አንዲት ፋርማሲስት የስፌት ክር ልትሰጠኝ ምንም አልቀራትም። አንዱ ወዳጄ «መርፌ ላይ ሰክተህ አሾልከው» ብሎ መከረኝ። አደራ፣ አታድርጉት! ድድ ነው፣ ጨርቅ አይደለም። ተራውን ክር የምታሾልክ የፕላስቲክ ቀለበት አለች፣ እሷ ከተገኘች ትሠራለች። መሃሏ ሽቦ የሆነች ደቃቅ ቡርሽም አለች፣ ክፍተቱ ሰፋ ላለለት ሰው ጥሩ ናት። ለእኔ ጠበበች። የአክስቴ ልጅ ነው ከአዲስ አበባ ክሩን የሚልክልኝ። እየሰደበኝ ይልካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። ጎንደር እኮ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ ነው የተከፈተው። በየሠፈሩ ነጭ ጋዋን የለበሰ ዘመድ የሌለው ሰው የለም። በዚህ ከተማ ውስጥ ብሪጅ የሚለጥፍ ክሊኒክ አንዲት ግማሽ ገጽ ወረቀት፣ «ከሥሩ እንዲህ ያጽዱ» የሚል፣ ማተም አቃተው? ጫማ ስገዛ እንኳ «ውሃ አታስነካው» ይሉኛል።

የምግቡን ነገር ልናገር፤ ይህን ማንም ሐኪም አይነግራችሁም። ብሪጅ ከመግባቱ በፊት የፈራሁት ሥጋ ነበር። ፋሲካ እንዴት ይሆን እያልኩ ነበር የምጨነቀው። ሥጋ ግን ምንም አላለኝም፤ የሥጋው ጅማት ጎን ላይ ነው የሚያዘው፣ ይታወቃል፣ ይወጣል። ያስቸገረኝ ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሙሉ የደቃቅ ምግብ ወቅት! በሶ ሾልኮ ገብቶ ይለጠፋል። ከመተማ የሚመጣው ሰሊጥ እንደሆነ አንዲት ፍሬ ከሥር ከገባች ምላሴ ከእሷ ጋር ሲታገል ይውላል። የቆሎ ገለባም እንዲሁ። የሽሮ ነገር ቀላል ነው፣ ውሃ ያወጣዋል። ስለዚህ በጾም ወራት ከምሳ በኋላም ክር ያስፈልጋል። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ጥግ ይዤ ሳሾልክ ያዩኝ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ሁለቱ «እኛም እኮ ብሪጅ አለን» አሉ። ለእነሱም ማንም አልነገራቸውም። አንደኛው ከገባለት ዓመታት አልፈውታል።

ለእሱ ነው የደነገጥኩት። ምክንያቱም ብሪጅ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው የተሠራው ጥርስ አይደለም። ፖርስሊን አይቦረቦርም። የሚቦረቦሩት ከክራውኑ ሥር ያሉት የተሞረዱት ጥርሶች ናቸው። ክራውኑና ጥርሱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ቆሻሻ ሲቆይ መቦርቦሩ ከዚያ ይጀምራል። ክራውን ስለሸፈነው አይታይም፣ ነርቩ ከወጣለት ደግሞ አያምም። አንዱ ተሸካሚ ጥርስ ከሄደ ብሪጁ በሙሉ ይሄዳል፤ አንድ ጥርስ የጎደለው ሰው ሁለት ጎድሎት ይነሳል። በደንብ ከተያዘ ግን ከ10 ብሪጅ ወደ 9ኙ 10 ዓመት ይደፍናል፤ በዚህ ከኢምፕላንት ብዙም አያንስም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ስልኩ ይቆራረጥበታል።

የእኔስ? ወጣቷ ሐኪም ራጅ አንስታ አይታዋለች። ጠርዙ ደህና ነው፣ መቦርቦር አልጀመረም። ክሩን ከጀመርኩ ወዲህ ደሙም ቆሟል፣ ማስቲካውም ከኪሴ ጠፍቷል። በየ6 ወሩ እንድመለስ ነግራኛለች፣ እመለሳለሁም።

ስለዚህ ከ10 ስንት? ዛሬ 7 እሰጠዋለሁ። ያቺ ኋላ ያለችው ጤነኛ ጥርሴ ትዝ ስትለኝ 5። ክር አልቆብኝ በነበረበት ሳምንት ብትጠይቁኝ ኖሮ ነጥቡን ተዉት፣ ስድቡን ነበር የምጽፈው። ጎረቤቶቹ ቀድመው ለተጎዱበትና ማታ ማታ ለመቀመጥ ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ መልሼ ብገዛ መልሼ እሱኑ ነው የምገዛው። ግራ ቀኙ ጤነኛ ለሆነና አቅም ላለው ሰው ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የአክስቴ ልጅ ትክክል ነው። ይህን እንዳታሳዩት።

ለጥምቀት ይመጣል። ሦስት ፓኬት ክር እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። «ክር ሳመላልስልህ ከማረጅ ኢምፕላንቱን ባስገባህ» አለኝ። አራት አድርገው አልኩት።